«ተፈርሞ ተረክቧል» የተባለ ግን እጄ ያልገባ ዕቃ፦ ፊርማው የእኔ አይደለም

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ባለብዙ ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ገዝቼ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ለመላክ አስቤ፣ ከአንድ የኦንላይን መደብር በ1,140 ዶላር አዘዝኩ። የትእዛዙ ማረጋገጫ «ሲደርስ ፊርማ ያስፈልጋል» የሚል ስለነበረበት በር ላይ ተጥሎ ይወሰዳል የሚል ስጋት አላደረብኝም። በተባለው ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ «ዕቃዎ ደርሷል፤ ተፈርሞለታል» የሚል መልእክት በስልኬ ገባ። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ቤት ነበረች፤ ወዲያው ስደውልላት በር ያንኳኳም ሆነ ከታች የደወለ ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ማታ ስገባ በበሬ ላይ፣ በፖስታ ሳጥኖቹ አካባቢና በሕንፃው ጽሕፈት ቤት ፈልጌ ምንም አላገኘሁም።

በአድራሹ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ያለውን የማድረሻ ማስረጃ ስከፍት፣ የተቀባዩ ስም በሚለው ቦታ የአባቴ ስም ብቻ፣ ያውም አንድ ፊደል ተዘሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ፊርማ በጣት የተሳበ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ሲሆን፣ ከእኔም ሆነ ከባለቤቴ ፊርማ ጋር በምንም አይመሳሰልም። እንደምታውቁት እዚህ አገር የአባታችን ስም ነው እንደ ቤተሰብ ስም የሚያገለግለው፤ የአባቴ ስም ደግሞ በጣም የተለመደ ስለሆነ በዚሁ ሕንፃ በዚያው ስም የሚጠሩ ሌሎች ሁለት የአገራችን ልጆች ቤተሰቦች አሉ። ሁለቱንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ አልደረሰንም አሉኝ፤ እኔም ቃላቸውን አምናለሁ።

መደብሩ «ተፈርሞ ስለተረከቡት ጉዳዩ ተዘግቷል» ብሎኛል። አድራሹ ድርጅት ደግሞ «ውላችን ከላኪው ጋር ስለሆነ ማመልከት ያለበት ላኪው ነው» ይለኛል። አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋኝ ቀኑ እየሄደ ነው፤ ዕቃውን ይወስድልኝ የነበረው ሰውም መሄጃው ደርሷል። የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነው። ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ይህ ፊርማ በእርግጥ የሚያረጋግጠው ነገር ምንድን ነው? ኃላፊነቱስ የማን ነው? ወደ ፖሊስ መሄድ ይጠቅማል ወይስ ነገሩን ያወሳስበዋል? በዚህ ያለፋችሁ ወይም በሙያችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።


መልስ፦ የቀድሞ አድራሽ

ወንድሜ፣ በሜሪላንድ ለዓመታት ዕቃ አድራሽ ሾፌር ሆኜ ስለሠራሁ ከፊርማው ልጀምር፤ ሰው ሁሉ ትልቅ ማስረጃ አድርጎ የሚያየው እሱን ነውና።

በድረ ገጹ ላይ የሚያዩት የተቀባይ ስም ዕቃውን የተረከበው ሰው የጻፈው አይደለም። ሾፌሩ በእጅ መሣሪያው ላይ የሚያስገባው ነው። ሥርዓቱ የተረከበውን ሰው ስም ጠይቆ እንዲያስገባ ያዛል፤ በቀን ከመቶ በላይ በር የሚያንኳኳ ሾፌር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ በጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ስም አይቶ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ የአባትዎ ስም መጻፉ እርስዎ ወይም ሞክሼዎ ለመረከባችሁ ምልክት አይሆንም። ፊደሉ መዘለሉም ከተረከበው ሰው አንደበት ከመስማት ይልቅ በችኮላ ከመጻፍ የመጣ ይመስለኛል። ጎረቤቶችዎን ማመንዎ ደግ አድርገዋል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ አድራሽ ድርጅቶች ሁሉ ሰው መሣሪያውን እንዳይነካ ብለው የፊርማውን ሥርዓት ለወጡት። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎትም በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ተቀባዩ ራቅ ብሎ ቆሞ ስሙን እንዲናገርና ፊርማውን ፖስተኛው በራሱ እንዲሞላ ፈቀደ። በፊርማው ቦታ «ሲ 19» (ኮቪድ 19 ለማለት) የሚል ምልክት ካያችሁ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ፈቃዱ ከተነሣ በኋላም ልማዱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ አንዳንዱ ሾፌር ዛሬም መስመሩን ራሱ ስቦ ይሄዳል።

ቀጥሎ ማወቅ ያለብዎት «ፊርማ ያስፈልጋል» ሲባል ምን ዓይነት ፊርማ እንደተገዛ ነው። በፌዴክስ ለምሳሌ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ዝቅተኛው ጎረቤት ወይም የሕንፃ ሠራተኛ እንኳ ሊፈርምበት የሚችል ነው። መካከለኛው በዚያው አድራሻ ያለ ሰው እንዲፈርም ይጠይቃል፤ ሰውየው ግን የግድ ስሙ የተጻፈው መሆን የለበትም። ከፍተኛው ዕድሜው ቢያንስ 21 ዓመት የሞላውን ሰው መታወቂያ አይቶ ማስረከብን ይጠይቃል። ዩፒኤስም ተራ ፊርማና የአዋቂ ፊርማ ብሎ ይለያል። ስሙ ከተጻፈው ተቀባይ በቀር ማንም እንዳይረከብ ከተፈለገ በፖስታ አገልግሎት በኩል ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚገዛ የተለየ አገልግሎት አለ። መደብሩ የገዛው ዝቅተኛውን ከነበረ የሕንፃው ፍሮንት ዴስክ ፈርሞ ሊሆን ይችላል። በትልልቅ ሕንፃዎች አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለ20 ጥቅል አንድ ጊዜ ብቻ ጣቱን ይስባል፤ ያ መስመርም በ20ውም ሰው መዝገብ ላይ ይታያል። የዕለቱን የዕቃ መቀበያ መዝገብ ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ፤ «አልመጣም» የሚለውን የቃል መልስ ብቻ ይዘው አይመለሱ።

ከፊርማው ይልቅ እውነቱን የሚናገረው መሣሪያው በራሱ የሚመዘግበው ነገር ነው። ጥቅሉ «ደርሷል» ተብሎ ሲነበብ ሰዓቱና ሾፌሩ የቆመበት ቦታ በጂፒኤስ ይያዛል። ይህን ለተቀባዩ በቀላሉ አይሰጡም፤ ላኪው የጠፋ ዕቃ ፍለጋ እንዲከፈት ሲያመለክት ግን ድርጅቱ ያየዋል፣ ሾፌሩም ይጠየቃል። እርስዎም በስልክ ሲያናግሯቸው «ሾፌሩ ሰርቆኛል» አይበሉ፤ ያላዩትን ነው የሚናገሩት፣ ነገሩም ወደ ሌላ ክፍል ይሄድና ይጓተታል። «ዕቃው አልደረሰኝም፣ ፊርማው የእኔም ሆነ ከቤተሰቤ የማንም አይደለም፣ የተደረሰበት ቦታ ከአድራሻዬ ጋር ይመሳከርልኝ» ይበሉ።

በመጨረሻም በዩፒኤስ ማይ ቾይስ ወይም በፌዴክስ ዴሊቨሪ ማናጀር አካውንት ካለዎት ገብተው ይመልከቱ። በእነዚህ አካውንቶች አስቀድሞ «ያለ ፊርማ ተዉልኝ» ብሎ መፍቀድም፣ ዕቃውን በመንገድ ላይ ሳለ ወደ ሌላ መረከቢያ ሱቅ ማዞርም ይቻላል። የሰው አካውንት ሰብረው ገብተው ዕቃ የሚያዞሩ ሌቦች አሉ። እንዲህ የሆነ እንደሆነ መዝገቡ ላይ የአድራሻ ለውጥ ይታያል።


መልስ፦ የካርድ ክርክር ሠራተኛ

በአንድ ባንክ የካርድ ክርክር ክፍል ውስጥ የምሠራ ነኝ፤ የጠያቂው ጉዳይ በየዕለቱ ጠረጴዛዬ ላይ የማየው ዓይነት ነው። በክሬዲት ካርድ መክፈላቸው በጣም ይረዳቸዋል።

በ1974 የወጣው የፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት የተባለው የፌዴራል ሕግ፣ ተከፍሎበት ያልደረሰን ወይም በስምምነቱ መሠረት ያልደረሰን ዕቃ እንደ ሒሳብ ስሕተት ይቆጥረዋል። መብትዎ ሙሉ የሚሆነው ክፍያው መጀመሪያ የታየበት ወርኃዊ መግለጫ ከተላከልዎት ጊዜ አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ አቤቱታዎን በጽሑፍ ለካርድ ሰጪው ሲያደርሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር ደብዳቤው ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን ለሒሳብ ጥያቄዎች ወደተመደበው አድራሻ መሄድ እንዳለበት ነው፤ ሁለቱም አድራሻዎች በመግለጫው ላይ ታትመው ይገኛሉ። በስልክም ሆነ በአፕ ክርክር መክፈት ይቻላል፣ ሥራውም ቶሎ ይጀመራል፤ ሕጉ የሚሰጠው ጥበቃ ግን የታሰረው ከጽሑፉ ጋር ስለሆነ፣ በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ጨምረው ቢልኩ እመክራለሁ።

ባንኩ ደብዳቤው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ አለበት። ጉዳዩንም በሁለት የሒሳብ ዙሮች ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መጨረስ አለበት። እስከዚያ ድረስ የተከራከሩበትን 1,140 ዶላር ባይከፍሉ ባንኩ «ዕዳውን አልከፈለም» ብሎ ለክሬዲት መዝጋቢዎች ሊያመለክት አይችልም፤ ሌላውን ያልተከራከሩበትን ሒሳብ ግን በጊዜው ይክፈሉ። ዕቃ አልደረሰኝም በሚል አቤቱታ ላይ ባንኩ ተገቢ ምርመራ ሳያደርግ የሻጩን ቃል ብቻ ተቀብሎ እንዳይዘጋውም ደንቡ ይከለክላል።

አሁን ከውስጥ የማየውን ልንገርዎ። ክርክር ሲከፈት ሻጩ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የመከታተያ ገጹ ቅጂና ያ የተጠማዘዘ መስመር ነው። አብዛኛው ደንበኛ የሚሸነፈው እዚህ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም «አልደረሰኝም» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀር ምንም አላያያዘም፤ ባንኩ የሻጩን መልስ ልኮለት አስተያየቱን ሲጠይቀውም ዝም ይላል። ከመንጃ ፈቃድዎ ወይም ከፓስፖርትዎ ላይ የፊርማዎን ቅጂ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበሩ የሚያሳይ የመሥሪያ ቤትዎን የሰዓት መዝገብ፣ የባለቤትዎን አጭር የተፈረመ ቃል፣ ከሕንፃው ጽሕፈት ቤት «በዕለቱ በዚህ ስም የተቀበልነው ዕቃ የለም» የሚል ማስታወሻ፣ ከመደብሩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አያይዙ። ከደብዳቤው ውስጥ አንድ አሳብ ጎልቶ መውጣት አለበት፤ ፊርማ ያስፈልጋል ተብሎ የተሸጠ ዕቃ እርስዎ ወይም በቤትዎ ያለ ሰው ሳይፈርም ከቀረ፣ በስምምነቱ መሠረት አልደረሰም ማለት ነው።

በአፕ ሲከፍቱ የክርክሩን ምክንያት ይምረጡ ሲባሉ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» የሚለውን እንዳይነኩ። ክፍያውን የፈጸሙት እርስዎ ስለሆኑ ባንኩ ይህን ሲያረጋግጥ ፋይሉ በማግሥቱ ይዘጋል፣ እርስዎም እንደ ሐሰተኛ ይታያሉ። የሚመረጠው «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚለው ነው።

ሌሎች አንባቢዎች እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሕግ ዴቢት ካርድን አይመለከትም። ለዴቢት ካርድ ያለው የ1978ቱ ሕግ ያለ ፈቃድ ለወጣ ገንዘብ እንጂ ፈቅደው ለከፈሉበትና ላልደረሰ ዕቃ የተሠራ አይደለም፤ ባንኩ ሊረዳዎ የሚችለው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ የውስጥ ደንብ በኩል ነው፤ ደንቡ ግን የሕግን ያህል ጉልበት የለውም። ዜል በተባለው ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት አገልግሎት ለማያውቁት ሻጭ የላኩት ገንዘብማ ተመልሶ የሚገኘው በብርቱ ዕድል ነው።


መልስ፦ ባለ ኦንላይን ሱቅ

ከላይ የተጻፉት ሁለቱም መልካም ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከሻጭ ወገን ሆኜ መደብሩ ለምን ፊቱን እንዳዞረ ላስረዳ። ትንሽ የኦንላይን ንግድ አለኝ።

ደንበኞች ፊርማ የሚጠየቀው ለእነርሱ ጥበቃ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ፊርማ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው ሻጩን ነው። የክፍያ አገልግሎቱ ፔይፓልም ሆነ የገበያ ድረ ገጹ ኢቤይ ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕቃ ገዢው «አልደረሰኝም» ቢል ለሻጩ የሚወግኑት ሻጩ የፊርማ ማረጋገጫ ካቀረበ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ያንን መስመር እጁ ሲያስገባ በእርሱ በኩል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ መስመሩን ማን ሳበው ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም፣ እናንተ ካላስገደዳችሁት በቀር።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ዩፒኤስም ፌዴክስም ላኪው የዕቃውን ዋጋ ከፍ አድርጎ አስመዝግቦ ተጨማሪ ካልከፈለ በስተቀር ለጠፋ ጥቅል የሚወስዱት ኃላፊነት እስከ 100 ዶላር ብቻ ነው። ሻጩ ያን ተጨማሪ ለመቆጠብ ብሎ ሳያስመዘግብ ልኮት ከሆነ፣ የካሳ ጥያቄ አቅርቦ ቢያሸንፍ እንኳ ከ1,000 ዶላር በላይ ከኪሱ ይወጣል። «ውላችን ከላኪው ጋር ነው» ያለዎት አድራሽ ግን አልዋሸም፤ የካሳ ጥያቄ በአብዛኛው የሚያቀርበው የላከው ወገን ነው፣ ጊዜውም በአገር ውስጥ ለተላከ ዕቃ 60 ቀን ያህል ነው። ለመደብሩ በኢሜይል «የፍለጋ ጥያቄ እንድትከፍቱና የመዝገቡን ቁጥር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ» ብለው ይጻፉ። እምቢ ቢሉ እምቢታቸው በራሱ ለባንኩ የሚቀርብ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

የጠያቂው ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በትልልቅ የገበያ ድረ ገጾች ላይ ከሦስተኛ ወገን ሻጭ የሚገዛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ማታለያ አለ። ሻጩ ዕቃውን ጭራሽ አይልክም። በምትኩ በእናንተው ከተማ፣ በእናንተው ዚፕ ኮድ ወዳለ ሌላ አድራሻ አንድ ባዶ ፖስታ ይልካል፤ የዚያን ፖስታ የመከታተያ ቁጥር የእናንተ ትእዛዝ ላይ ያስገባል። የመከታተያው ገጽ ከተማውንና ዚፕ ኮዱን እንጂ የቤቱን ቁጥር ስለማያሳይ «አሌክሳንድሪያ፣ ደርሷል» ይላል፤ እዚያ ቤት ያለው ሰውም የማያውቀው ባዶ ፖስታ ደርሶት ግራ ይጋባል። ይህን የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ክብደቱ ነው፤ ላፕቶፕ ሁለት አውንስ አይመዝንም። ሁለተኛው በፖስታ አገልግሎት የተላከ እንደሆነ ወደ ሰፈራችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ኃላፊውን ማነጋገር ነው፤ ቁጥሩን በራሳቸው ሥርዓት አስገብተው ጥቅሉ የተላከው ወደ እናንተ አድራሻ መሆን አለመሆኑን ያያሉ። «በዚህ ቁጥር የተላከው ወደዚህ ደንበኛ አድራሻ አይደለም» የሚል ማስታወሻ ከጻፉላችሁ ሻጩ የሚያመጣው የመከታተያ ገጽ ዋጋ ያጣል።


ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተባልኩት መሠረት ለመደብሩ በጽሑፍ ጠይቄ ፍለጋ ከፈቱ፤ ከአድራሹም ድርጅት የተሟላ የማድረሻ መዝገብ መጣላቸውና ቅጂውን ላኩልኝ። በቀድሞው ሾፌር ግምት መሠረት የተገዛው ፊርማ ዝቅተኛው ነው። «የተተወበት ቦታ» በሚለው ሣጥን «ፍሮንት ዴስክ» የሚል ተጽፏል። የጥቅሉም ክብደት ከላፕቶፕ ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ የባዶ ፖስታው ማታለያ አይደለም።

ሆኖም ችግሩ በዚህ አላበቃም። የሕንፃውን የዕቃ መቀበያ መዝገብ እንዲያሳዩኝ ጠይቄ በዕለቱ የገቡት ጥቅሎች በክፍል ቁጥር ተመዝግበው አየሁ፤ የእኔ የለበትም። በተጨማሪም በሕንፃችን ሁለት መግቢያ አለ፤ ዴስክ ያለው ግን በአንዱ ብቻ ነው። በጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ስመለከት ደግሞ እኔ ሳዝዝ በትክክል የሞላሁት የክፍል ቁጥር ተቆርጦ ቀርቷል፤ የመንገዱ ቁጥርና ስሜ ብቻ ነው ያለው። የካርዱን ክርክር ከፍቼ ይህን ሁሉ አያይዤአለሁ፤ ባንኩም ጉዳዩ እስኪያልቅ ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶልኛል። የቀረኝ የፖሊሱ ጉዳይ ነው፤ ሕንፃው ካሜራ አለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን ቪዲዮውን ለተከራይ አናሳይም ይላል።


መልስ፦ የቀድሞ አድራሽ

የክፍል ቁጥሩ መቅረቱ ብዙ ነገር ያስረዳል። ክፍል ቁጥር የሌለው ጥቅል ይዞ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ በር ላይ የቆመ ሾፌር ያለው ምርጫ ወይ መመለስ ወይ መጀመሪያ ያገኘው ሰው እጅ መስጠት ነው፤ ዴስክ በሌለበት በር ቆሞ «ፍሮንት ዴስክ» የሚለውን ምርጫ መንካት ደግሞ ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚመጣ ስለሆነ እጅ ይቀናዋል። አድራሻ በረጅሙ ሲጻፍ ሁለተኛው መስመር በመለያው ላይ ሳይታተም የሚቀርባቸው የመደብር ሥርዓቶች አሉ። የትእዛዝ ማረጋገጫውንና የመለያውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ለባንኩ ይላኩ፤ ጉድለቱ በሻጩ በኩል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።


መልስ፦ የካርድ ክርክር ሠራተኛ

በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ጊዜያዊ ተመላሽ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ ሻጩ መልስ ከሰጠ ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ሊያስከፍልዎ ይችላልና ገንዘቡ ተመለሰ ብለው ደብዳቤዎችን ሳይከፍቱ እንዳያስቀምጡ።

ስለ ፖሊስ የጠየቁትን በሚመለከት፣ አዎን ያመልክቱ። የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩን 911ን ሳይሆን የከተማውን ፖሊስ መደበኛ ስልክ ይጠቀሙ። በቨርጂኒያ ከሐምሌ 2020 ወዲህ ዋጋው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር መስረቅ ከባድ ስርቆት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ የእርስዎ ዕቃ ከመስመሩ በላይ ነው። ፖሊስ ዕቃውን ያገኝልኛል ብለው ብዙ አይጠብቁ፤ ዋናው ጥቅም ሁለት ነው። የሪፖርቱ ቁጥር ለባንኩም ለሻጩም በሐሰት የሚጠይቅ ሰው በቀላሉ የማይደፍረው ነገር ስለሆነ ቃልዎን ያጠነክራል። ደግሞም ለእርስዎ ቪዲዮ አላሳይም ያለው ጽሕፈት ቤት ፖሊስ ሲጠይቀው ሌላ ነው። ካሜራዎች የቆየውን ቅጂ በራሳቸው እያጠፉ በላዩ ስለሚቀርጹ፣ ዛሬውኑ ለጽሕፈት ቤቱ «የዚህን ዕለትና ሰዓት ቅጂ ፖሊስ እስኪጠይቅ እንዳታጠፉ» ብለው በኢሜይል ይጻፉላቸው። ሁለቱም በሮች ይጠቀሱ።

በግል አድራሽ ድርጅት የመጣ ጥቅል በሕግ ዓይን ፖስታ ስላልሆነ ጉዳዩ የአካባቢው ፖሊስ ነው። በፖስታ አገልግሎት የመጣ ቢሆን ኖሮ የሚመለከተው የፖስታ ምርመራ አገልግሎት የተባለው የፌዴራል ፖሊስ ይሆን ነበር፤ ፖስታ መስረቅም እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።


መልስ፦ እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ውይይቱን በትኩረት ስከታተል ቆየሁ፤ የእኔ ከላፕቶፕ የከበደ ስለሆነ ልጠይቃችሁ። የልጄ ግሪን ካርድ በፖስታ «ደርሷል» ይላል፤ ሳጥናችን ውስጥ ግን አልገባም። ፊርማም የተጠየቀበት አይመስልም። ለማን ነው የምናመለክተው?


መልስ፦ ባለ ኦንላይን ሱቅ

እናቴ፣ ይህ በቤተሰባችን ደርሶ ስለነበር የማውቀውን ልንገርዎ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ካርዶችን የሚልከው በፖስታ አገልግሎት በኩል በመከታተያ ቁጥር ነው፤ ተመልሶበት ድጋሚ ሲልክ በተለይ ተቀባዩ ራሱ መታወቂያ አሳይቶ እንዲፈርም የሚያደርገውን ጥብቅ አገልግሎት ይጠቀማል፤ ይህን አሠራር የጀመረው በ2018 ነው። ዛሬውኑ ሁለት ነገር ያድርጉ። በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ «ካርድ አልደረሰኝም» የሚለውን ጥያቄ ይሙሉ፤ በመከታተያ ቁጥሩም ከሰፈርዎ ፖስታ ቤት የተደረሰበት ቦታ የእርስዎ ሳጥን መሆኑን ያጣሩ። ፖስተኛው በስሕተት ሌላ ሳጥን ውስጥ ጨምሮት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያስታውሰዋልና ነገሩ ሳይቆይ መጠየቁ ይሻላል።

ቸል የማይባለው የገንዘቡ ነገር ነው። ካርዱ ሳይደርስ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ከተገኘ ምትክ ለማግኘት ሌላ ክፍያ አይጠየቅም፤ በትክክለኛው አድራሻ ደርሷል ተብሎ ከተመዘገበ ግን በአብዛኛው አይ 90 የተባለውን ቅጽ ከሙሉ ክፍያው ጋር እንደገና ማስገባት ይኖርባችኋል። ስለዚህ ከፖስታ ቤቱ «በስሕተት ሌላ ቦታ ደርሷል» የሚል ቃል በጽሑፍ ማግኘት ከቻሉ አይለፍዎት። በቅርቡ ቤት ቀይራችሁ ከሆነም አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን ልጅዎ ይወቅ፤ ለፖስታ ቤት ብቻ ማስታወቅ አይበቃም።

እስከዚያው በፖስታ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ የተባለውን ነፃ አገልግሎት ክፈቱ። ወደ ሳጥናችሁ የሚመጡትን ደብዳቤዎች የፊት ገጽ ፎቶ በየጠዋቱ በኢሜይል ይልክላችኋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱም ገና በመንገድ ላይ ከሆነ የሚመጣበትን ቀን አውቃችሁ ሳጥኑን በዚያው ዕለት ትከፍታላችሁ።